ኬሚካሉን ከማፍሰሳቸው በፊት ለሚለኩት የቱሉ ዲምቱ መካኒክ

ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱን ወጣቱም ጎልማሳውም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ይህን የምጽፈው እሳቸውንና ሁለቱን ረዳቶቻቸውን ለማመስገን ነው፤ የሞተር ካርቦን (ከቃጠሎ የሚቀረውን ጥላሸት) በኬሚካል ለማስጸዳት የምታስቡም የት መሄድ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ብዬ ነው። ስልካቸው አደባባይ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ።

ጋሼ የኬሚካሉን ጣሳ የሚከፍቱት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ይፈታሉ፤ አራቱንም እንደ ሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ቃጠሎው ጤነኛ ነው። ደረቅና እንደ ድስት ጥላሸት በጣት የሚነሳ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። እርጥብ ሆኖ ዘይት ዘይት ካለ ግን ከፋሻ (ፒስቶኑን ከከበበው ቀለበት) ወይም ከባልቦላ (የአየር መግቢያውንና የጭስ መውጫውን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው) ጎማ በኩል ዘይት እየገባ ነው። ይህን ሳያዩ ማጽጃ ለሚሸጡ ሰዎች ገንዘባችሁን አትስጡ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የነዳጁ ፊውዝ ተነቅሎ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ ይለካል። እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪና ያለ አግባብ ሞተር ያወርዳል። ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ይህን ያላገናዘበ ሰው ደህናውን ሞተር «ወድቋል» ይለዋል። ጋሼ አጥብቀው የሚያዩት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ከ1 ባር ገደማ ማለፍ የለበትም። አንዱ ዝቅ ካለ 1 የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ደግመው ይለካሉ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካላለ ባልቦላው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ)።

ችግሩ ስሮትል ቦዲ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ላይ ብቻ ከሆነ ስራው ቀላል ነው። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) የሚዋዥቅ ወይም ፍሬን ይዘው ሲቆሙ የሚጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ እዚህ ይመደባል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ኬሚካሉ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ላይ ይረጫል፣ ይጠረጋል። በኤሌክትሪክ የሚሰራውን ቢራቢሮ (የስሮትል ቦዲውን መክፈቻ) በጣት ገፍተው አይከፍቱትም፤ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ይጎዳሉ። የአየር መለኪያ ሴንሰሩም ለእሱ በተሰራው ማጽጃ ብቻ ይረጫል፤ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ከጽዳቱ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ቢቆይ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ የለመደው የቆሸሸውን መክፈቻ ስለሆነ እንደገና እስኪማር ጊዜ ይፈልጋል።

ካርቦኑ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሞተሩ እየሰራ በቫኪዩም ቱቦ በኩል ኬሚካሉን እንደ ጉም አድርጎ ማስገባት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ተይዞ፣ ጥቂት ጥቂት እየተረጨ፣ በየመሀሉ ፋታ እየተሰጠ ይሄዳል። ትዕግስት የሌለው ሰው ጣሳውን በአንድ ጊዜ ሲገለብጠው ፈሳሹ ሲሊንደር ውስጥ ይጠራቀማል። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም፤ ቢዬላ (የፒስቶኑን ክንድ) አጣሞ ያርፋል። ሲያልቅ ሞተሩ ጠፍቶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ፈጣኑ መንገድ ወጥቶ በዝቅተኛ ማርሽ 3,000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል ይነዳል። የለቀቀው ካርቦን የሚወጣው ያኔ ነው። ጋራዡ ለዚህ መንገድ መቅረቡ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ሲሊንደሩን በኬሚካል መዘፍዘፍ ነው፤ ዘይት ለሚበላ ሞተር ይህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት የተሰሩት የኮሮላ 1ዜድዜድ (1ZZ) ሞተሮች የፒስቶናቸው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ትንንሽ በመሆኑ በካርቦን እየተደፈነ የዘይት ፋሻው ይጣበቃል። ጋሼ ፑሊውን (ሞተሩ ፊት ያለውን የቺንጋ መዘውር) በቁልፍ አዙረው አራቱም ፒስቶኖች መሀል ላይ እኩል እንዲቆሙ ያደርጋሉ። በየሲሊንደሩ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ኬሚካል በስሪንጅ ይጨምራሉ፣ ቀዳዳዎቹን ሸፍነው ያሳድራሉ፣ በየመሀሉ ፑሊውን ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ ያደርጋሉ። ጠዋት የቀረው ፈሳሽ ተመጥጦ ይወጣል። ቀጥሎ የነዳጁ ፊውዝና የቦቢናዎቹ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጡት) ሶኬት ተነቅሎ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ተደርጎ፣ ሞተሩ ያለ ካንዴላ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዞራል። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር ጭቃ ራሱ ይመሰክራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልብ ብላችሁ አንብቡ። የገባው ኬሚካል በፋሻው በኩል ወርዶ ዘይት ውስጥ ይደባለቃል። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚና (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ይበላል። ስለዚህ ዘይትና ፊልትሮ ሳይቀየር መኪናው ከጋራዡ አይወጣም፤ «ዘይቱ ከተቀየረ 1,000 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም» ብላችሁ ብትለምኗቸውም ጋሼ አይሰሟችሁም። ካንዴላውንም በጉልበት አያጠብቁም፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ18 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ጥብቀቱን በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ነው። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ የሚወጣው ነጭ ጭስ የኬሚካሉ ነው።

እሳቸውን የማከብርበት ሌላው ምክንያት እምቢ ማለት ማወቃቸው ነው። ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች የመግቢያ ባልቦላቸውን ነዳጅ አያጥበውም። ስለዚህ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ፣ ፖሊኢተር አሚን የተባለው ካርቦን አስለቃቂ ያለበት ጥሩው እንኳ ቢሆን፣ ኢንጀክተሩን እንጂ ባልቦላውን አይነካውም፤ በኮሌክተሩ (በአየር ማስገቢያው ቱቦ) የሚረጨውም የደረቀውን ቅርፊት አይፈነቅለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮሌክተሩ ተፈትቶ ባልቦላው በእጅ እንዲጸዳ ይመክራሉ። ናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ማጽጃ በአየር መግቢያ አይረጩም፤ ናፍጣ ሞተር የገባለትን ሁሉ እንደ ነዳጅ ስለሚያቃጥለው ከቁጥጥር ውጪ ሊያጓራ ይችላል። የሀይሉክሱንና የዶልፊኑን ኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ክፍል) እና ኮሌክተር ፈትተው በገንዳ ያጥባሉ። ኮስቲክ ሶዳ ግን ከአሉሚኒየም አጠገብ አያስደርሱም፤ ብረቱን ራሱን ይበላዋል። የቆሸሸውን ኬሚካል በጀሪካን ያጠራቅሙታል፤ ወደ አቃቂ ወንዝ ወደሚወርደው ቦይ ሲደፋ አይቼ አላውቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ የሰፈሩ ሰው ሊያመሰግናቸው ይገባል።

ካርቦኑን የፈጠረውንም ሳያገኙ አይለቁም። በብዙ መኪና ላይ ምክንያቱ «ሞተር ያሞቃል» ተብሎ የተጣለ ቴርሞስታት (የማቀዝቀዣውን ውሃ ዝውውር የሚከፍትና የሚዘጋ) ነው። 82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈተው ቴርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ያ ትርፍ ቤንዚን ጥላሸት ይሆናል። ያ መኪና በኬሚካል ቢታጠብ ተመልሶ ይጠቁራል። አስፋልት ባልገባባቸው ሰፈሮች የሚውል መኪና ደግሞ የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይታፈናል፤ በየዘይት ቅያሪው አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፣ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እድሜና ጤና ይስጥልን። ረዳቶቻቸው ወንድሞቼም ጓንትና መነጽር ሳታደርጉ ጣሳ ስለማትነኩ፣ እሳት ማጥፊያውንም ከአጠገባችሁ ስለማታርቁ እናመሰግናለን።

የምትሄዱ ሰዎች፦ ለመዘፍዘፍ ከሆነ መኪናውን ከሰዓት በኋላ አስገቡ፣ ስለሚያድር። ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱ ይቀበላሉ። ቼክ ኢንጂን መብራት ካለ በሌላ ቦታ አታስጠፉት፤ የተመዘገበውን ኮድ ራሳቸው ማንበብ ይፈልጋሉ።