ትከሻ ሲወልቅ፦ ፊዚዮቴራፒ ወይስ ቀዶ ጥገና?

መስቀል አደባባይ ጠዋት ጠዋት ስፖርት ከሚሠሩት መካከል ትከሻው ወልቆበት የሚያውቅ አይጠፋም። ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው። ሲወልቅም የመገጣጠሚያውን ጎድጓዳ ዳር ዳሩን የከበበውን ቀለበት፣ ላብረምን፣ ሊቀድደው ይችላል።

ፊዚዮቴራፒ የተቀደደውን አይሰፋም። ጡንቻው ትከሻውን ቦታው ላይ እንዲይዝ ያጠነክራል። ለምሳሌ የተጠቀለለ ፎጣ ክርናችሁና ጎናችሁ መሃል ታስገባላችሁ። ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ፣ ፎጣው ሳይወድቅ የስፖርት መለጠጫ ላስቲክ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ትስባላችሁ። አሰልቺ ነው፣ ወራትም ይፈጃል። ቢሮ ለሚውልና ትከሻው አንዴ ብቻ ለወለቀ ሰው ግን እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

ቀዶ ጥገናው ላብረሙን ከአጥንቱ ጋር መልሶ ያያይዛል። ክንድ ለሳምንታት ይታሰራል፤ ኳስ ሜዳ ለመመለስ 6 ወር ገደማ ይወስዳል። ፊዚዮቴራፒው ያኔም አይቀርም! ከ20 ዓመት በታች ሆኖ ግጭት ያለበት ስፖርት የሚጫወት ልጅ ግን ትከሻው ደጋግሞ የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እሱ ሳይውል ሳያድር የአጥንት ሐኪም ያማክር።

እባካችሁ፣ ወጌሻ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ራጅ ተነሱ፤ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ላብረሙን ለማየት ግን ኤምአርአይ ያስፈልጋል።