ምስጢር መያዝ ወይስ ቀድሞ ማውጣት?

ጠላት ሊያጠቃ ሲዘጋጅ ያየ መንግሥት ሁለት ምርጫ አለው። ያወቀውን ደብቆ መያዝ፣ ወይም ለዓለም ማውጣት። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መደበቅ የቆየው መንገድ ነው። ምንጭ አይጋለጥም፤ መረጃ ያቀበለው ሰው ነፍሱ ትተርፋለች። ጉዳቱ ግን ሜዳውን ለውሸት መልቀቁ ነው። በ2014 የዩክሬን ልሳነ ምድር በሆነችው ክሪሚያ ውስጥ መለያ ያልለበሱ ወታደሮች ብቅ ሲሉ፣ ፑቲን መጀመሪያ የሩሲያ ወታደሮች አይደሉም አሉ። ዓለም "እነማን ናቸው?" እያለ ሲከራከር ቦታው ተያዘ። በኋላ ፑቲን ራሳቸው አመኑ። ያኔ ግን ነገሩ አልቆ ነበር።

በ2022 አሜሪካና ብሪታንያ ተቃራኒውን ሞከሩ። ዩክሬን ከመወረሯ ከሳምንታት በፊት የሩሲያን ጦር ክምችት በይፋ ተናገሩ። አሜሪካ ሩሲያ ለሰበብ የሚሆን የፈጠራ ቪዲዮ ልታዘጋጅ አቅዳለች ብላም አስጠነቀቀች። ጦርነቱ አልቀረም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም የወረራው ሰበብ ገና ሳይነገር ተነቃበት፣ አጋሮችም ለማዕቀቡ ቀድመው ተዘጋጁ።

ማውጣትም ዋጋ አለው። በ2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ለተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብለው አቀረቡ። የተባለው ክምችት አልተገኘም። በዚያ ሰበብ በተከፈተው ጦርነት ስንት ሰው አለቀ! በ2022 ብዙዎች ማስጠንቀቂያውን በጥርጣሬ የሰሙትም ያንን ስላልረሱ ነው።

እኔ ወደ ማውጣቱ አደላለሁ። ግን "እመኑን" ብቻ አይበቃም። የሳተላይት ምስል ይውጣ፤ ጋዜጠኛውም ራሱ አይቶ ያመሳክር።