በጣና ፀሐይ የሚነበብ ስክሪን፦ የባለ 7 ኢንቹ የጀልባ ንክኪ ማሳያ ግምገማ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ በምታመላልሰው የቤተሰባችን ጀልባ ላይ ጥልቀትና አቅጣጫ የሚያሳይ ስክሪን ስንገጥም ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ተራ ኤልሲዲ (የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን) ነበር፤ ሱቅ ውስጥ በነጭ መብራት ሥር ሲያዩት የሚያምር፣ ወደቡ ላይ ሲወጣ ግን ከመስታወት የማይለይ ዕቃ ሆኖ አገኘነው። ጀልባዋን የሚነዱት አጎቴ አንድ ጠዋት መሪውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ይኼ እኮ የሚያሳየኝ የራሴን ጺም ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኑ በፎጣ ተሸፍኖ ከረመ፤ እርሳቸውም እንደ ቀድሞው የዳርቻውን ዛፍ እያዩ መንዳታቸውን ቀጠሉ።

አሁን የምገመግመው ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ቤት ከውጭ በሚያስመጣው ፓነል፣ ማለትም ምስሉን በሚያሳየው ክፍል ላይ የንክኪ መስታወት ለጥፎ፣ በአሉሚኒየም ሣጥን አሽጎ የሚሸጠውን ባለ 7 ኢንች ማሳያ ነው። ብርሃኑ 1,000 ኒት (ኒት የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) ነው ተብሎ የተሸጠልን ሲሆን ዋጋው ከተራው ስክሪን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሠርተንበታል። ሻጮቹ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ዕቃውን ወደቡ ድረስ ወስደን በጠራራ ፀሐይ እንድንሞክረው መፍቀዳቸውን ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ጣሪያ ሥር ቆሞ መግዛት ጫማን ሳይለኩ እንደ መግዛት ነውና።

ብዙ ሰው ስለ ስክሪን ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስንት ኒት እንደሆነ ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቁጥሩ ግን የነገሩ ግማሽ እንኳ አይደለም። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ወይም ከመስታወት ወደ አየር በተሻገረ ቁጥር 4 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። በተራው ስክሪን ላይ የላይኛው መስታወት ፊትና ጀርባ፣ ከሥሩ ደግሞ በቀጭን አየር የተለየው የፓነሉ ፊት ሲደመሩ ሦስት የሚያንጸባርቁ ገጾች አሉ፤ በጠቅላላው 12 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ብሩህ ደመና ያለበት የቀን ሰማይ 5,000 ኒት ያበራል ብንል፣ ከዚያ ውስጥ 600 ኒት የሚሆነው ከስክሪኑ ተንጸባርቆ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። የፊተኛው ስክሪናችን ራሱ የሚያወጣው 300 ኒት ብቻ ስለነበር ነጩ 900፣ ጥቁሩ 600 ሆኖ ይታያል፤ ነጭ ከጥቁር በአንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ሲበልጥ ደግሞ ጽሑፍ ማንበብ ቀርቶ ስክሪኑ መብራቱን ማወቅም ያዳግታል።

አዲሱ የተለየበት ምክንያት በመስታወቱና በፓነሉ መካከል ያለው አየር በጠራ ማጣበቂያ መሞላቱ፣ የላይኛው ፊትም ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ መቀባቱ ነው። በዚህ መንገድ ነጸብራቁ ወደ 2 በመቶ ቢወርድ ከዚያው ሰማይ የሚመለሰው 100 ኒት ብቻ ይሆንና፣ ነጩ 1,100 ጥቁሩ 100 ሆኖ የአሥራ አንድ እጥፍ ልዩነት ይገኛል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሌላው ስሌት ነው፤ ማጣበቂያ የሌለው ባለ 1,000 ኒት ስክሪን በዚያው ሰማይ ሥር የሦስት እጥፍ እንኳ ልዩነት አይሰጥም፣ በደንብ የተጣበቀ ባለ 300 ኒት ግን አራት እጥፍ ይሰጣል። ኤልሲዲ በራሱ ብርሃን የማይፈጥር፣ ከጀርባው ካለው መብራት አብዛኛውን በፖላራይዘሩ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፈው ገለፈት) እና በቀለም ማጣሪያው አስቀርቶ ከ10 በመቶ በታች የሚያሳልፍ ዕቃ በመሆኑ፣ ብርሃኑን በኃይል ብቻ ለመጨመር መሞከር ባትሪን ከማራቆት ያለፈ ጥቅም የለውም። የማጣበቂያው ሌላ በረከት ጠዋት ጠዋት የፊተኛው ስክሪን መስታወት ውስጥ ይቋጥር የነበረው ጤዛ ጨርሶ መጥፋቱ ነው።

የእኛ መስመር ለስክሪን ክፉ ነው። ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡባዊ ዳር፣ ዘጌ ደግሞ ከእርሷ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነች፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስንነሣ ፀሐይዋ ከኋላችን ናት፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስንመለስም ወደ ምዕራብ ዞራ እንደገና ከኋላችን ትሆናለች። በሁለቱም ጉዞ ከነጂው ትከሻ በላይ አልፋ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ታርፋለች፤ ዝቅ ብላ ስለምትመጣም የጀልባዋ ጣሪያ አያስጥልም። አዲሱ ስክሪን በዚህ ሰዓት አኃዙን በግልጽ ያሳያል፣ የካርታው ቀለማት ግን ይደበዝዛሉ። ጣና በአማካይ 8 ሜትር፣ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ብቻ ያለው ሐይቅ በመሆኑና በበጋው መጨረሻ ውኃው ስለሚሸሽ፣ ጥልቀቱን በትክክል ማንበብ የሚያስፈልገን ፀሐዩ በሚበረታበት በዚያው ወራት ነው።

ስለ ፊደላችን የምለው አለኝ። «ቡ» እና «ቢ»፣ «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት ቅጥያዋ መሐል ላይ ወይም ግርጌ ላይ በመቀመጧ ብቻ ነው። ስክሪን ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቅጥያ ናት። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች የጥልቀቱን አኃዝ ከአውራ ጣት ጥፍር አስበልጠው፣ በነጭ መደብ ላይ በወፍራም ጥቁር ማስቀመጣቸው ትክክል ነው፤ ቀን ላይ ጥቁር መደብ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ መስታወት ይሆናል። የባትሪውንና የሞተሩን መልእክት ግን በቀጭን ግራጫ ፊደል ጽፈውታል። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በግራጫ የጻፈ ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ አያጠራጥርም።

አጎቴ የፀሐይ መነጽር ያደርጋሉ፣ ያውም ከውኃ የሚመጣውን ነጸብራቅ የሚያስቀር ፖላራይዝድ መነጽር። ከኤልሲዲ የሚወጣው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ በመሆኑ የመነጽሩና የስክሪኑ አቅጣጫ ከተጻረሩ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ወደቡ ላይ በሞከርንበት ቀን ስክሪኑን አግድም ሲያዩት ደህና ነበር፤ ቁመቱን ስናቆመው ግን «ጠፋ እኮ!» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። አግድም አድርገን ስለገጠምነው ችግሩ አልነካንም፤ ቁመት ለመግጠም ያሰበ ሰው ግን ሊገዛ ሲሄድ መነጽሩን ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል።

ወደ ንክኪው ስመጣ ምስጋናዬ ይቀንሳል። ይህ ዓይነቱ ካፓሲቲቭ ንክኪ ጣት ሲቀርበው የኤሌክትሪክ መስኩ መለወጡን ነው የሚያነብበው፤ ውኃም ያንኑ መስክ ስለሚለውጥ ሞገድ ረጨት ሲያደርግበት ካርታው በራሱ ይሸሻል፣ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ወደ ሌላ ገጽ ይዘልላል። ተጭነው የሚያሠሩት የድሮው ዓይነት ንክኪ ውኃም ጓንትም አይበግረውም፣ ነገር ግን በሁለት ገለፈትና በመሐላቸው ባለ አየር ስለሚሠራ ነጸብራቁን መልሶ ያመጣል፣ ከስክሪኑ ብርሃንም አንድ አምስተኛ ያህሉን ይበላል። ስለዚህ ምርጫቸውን አልነቅፍም። ሣጥኑ ጎን ላይ ሁለት እውነተኛ ቁልፎች ማስቀመጣቸው ብልህነት ነው፤ እጃቸው የማይደርቀው አጎቴ ከስክሪኑ ይልቅ እነርሱን ይጫናሉ። ነጸብራቅ የሚቀንሰው ቅብ የጣት አሻራን አጉልቶ ያሳያል፤ የተጠበሰ አሣ በልቶ የነካው እንግዳ ያተመው ቅባት እስኪወለወል ድረስ ካርታው ላይ እንደ ደሴት ተቀምጦ ይውላል።

ሙቀቱን ችሏል። ተራው ስክሪን እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ይጠቁር ነበር፤ ፈሳሽ ክሪስታሉ ከልክ በላይ ሲሞቅ የብርሃንን አቅጣጫ የሚያጣምምበትን ሥርዓት ያጣልና፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይበራል። በአዲሱ ላይ ይህንን አላየንም። በሙሉ ብርሃን ከ12 ቮልት ባትሪ 0.6 አምፔር ሲወስድ ለካሁ፣ ለሞተር ጀልባ ምንም አይደለም። የሽቦው መግቢያ ግን በደንብ ስላልታሸገ በሁለተኛው ወር ውኃ ገባበት፤ ሻጮቹ በነፃ ቢጠግኑትም ሦስት ሳምንት አቆይተውብናል።

ትልቁ ቅሬታዬ ስለ ምሽቱ ነው። ለፀሐይ የተሠራ ስክሪን ለጨለማም መታሰብ ነበረበት። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ስክሪን በዝቅተኛው ደረጃ እንኳ ሲበራ ያንን ልማድ በአንድ እይታ ያጠፋዋል፣ ከፊት ለፊት ያለ ታንኳም አይታይም። የጀርባው መብራት የሚደበዝዘው በፍጥነት እየበራና እየጠፋ በመሆኑ፣ ዝቅ ሲል ጭንቅላት የሚያሳምም መርገብገብ ያመጣል፤ የስልክ ካሜራ ብትደቅኑበት ጥቋቁር ሰንበር ወደ ላይ ሲጓዝ ታያላችሁ። ለሻጮቹ ስነግራቸው የመብራቱን መቆጣጠሪያ እንቀይረዋለን ብለዋል። እስከዚያው አጎቴ ከመኪና መስታወት ማጥቆሪያ የተረፈ ቁራጭ ፕላስቲክ በክር አንጠልጥለውበታል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ያወርዱታል፣ ሲነጋ ጠቅልለው ጣሪያው ሥር ይሸጉጡታል።