የሰጋቱራ ምድጃዬ ከ8 ወር በኋላ

ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ወንበር እንሠራለን። ዋንዛ ሲላግ ያየ ያውቃል፤ አንድ አልጋ እስኪያልቅ የሚወጣው ሰጋቱራ ጆንያ ይሞላል። ድሮ ዶሮ አርቢዎች የሚችሉትን ይወስዱልናል፣ የተረፈውን ጓሮ እናቃጥለዋለን። ጎረቤታችን በጭሱ ሲራገሙን ኖረዋል።

ግንቦት ላይ አንድ ብየዳ ቤት 1,400 ብር ከፍዬ የሰጋቱራ ምድጃ አሠራሁ። 20 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ የሚያክል የላሜራ በርሜል ነው፤ ከታች በጎኑ ቀዳዳ፣ ከላይ ድስት የሚያርፍበት ሦስት ብረት። በቃ።

ሙያው አሞላሉ ላይ ነው። ጠርሙስ መሐሉ ላይ ይቆማል፣ በጎኑ ቀዳዳ ዱላ ይገባል፣ ከዚያ ዙሪያውን ሰጋቱራ እየጨመሩ መጠቅጠቅ። ሲሞላ ዱላውን መሳብ፣ ጠርሙሱን ዞር ዞር እያደረጉ መንቀል። ከታች በፍልጥ ሲለኮስ እሳቱ የጉድጓዱን ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን አላልቼ ጠቅጥቄው ሽሮው ሊበስል ሲል ግድግዳው ተናደ። እሳቱ ታፈነ፣ ቤቱ ጭስ ሆነ። ተለማማጁ ልጅ ዓይኑን እያሸ፣ "አያ፣ ዛሬስ ዳቦ እንግዛ" አለኝ።

አሁን እጃችን ለምዷል። አንድ ሙሌት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። ለምሳና ለሻይ ከአዊ በኩል የሚመጣውን የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ ነው) ከሰል በወር አንድ ጆንያ እንጨርስ ነበር፤ ዛሬ አንዱ ጆንያ ከሁለት ወር በላይ ይሄዳል። ለእንጀራ ግን አትሞክሩት፤ እሳቱ መሐል ላይ ስለሚሰበሰብ የምጣዱ ዳር አይበስልም። ደግሞ አንዴ ከተለኮሰ መጨመር የለም። ለአንድ ጀበና ቡና ብሎ መለኮስ ኪሳራ ነው።

ሲራገሙን የነበሩት ጎረቤት አረቄ ያወጣሉ። አንድ ቀን ምድጃውን ተውሰው ሞከሩትና፣ "ይሄ እሳት ልኩን ያውቃል" አሉ። አረቄ እሳት ሲበዛበት ይገነፍላል፣ ሲያንሰው መንጠባጠቡን ያቆማል። አሁን በሳምንት ሁለት ጆንያ ሰጋቱራ ከእኛ ይወስዳሉ። ይከፍላሉ ወይ? በጠርሙስ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልጥለው ደርሼ ነበር። ሰጋቱራው እርጥበት ስቦ ከእሳቱ ጭሱ በዛ። ጆንያዎቹን ከመሬት አንስተን ሳንቃ ላይ ስንደረድርና ከእርጥብ ባህር ዛፍ የወጣውን ስንለይ ነው የተስተካከለው። በርና መስኮት ዘግቶ መለኮስ ግን በየትኛውም ወቅት የለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው መጥረጊያው ላይ ነው። ዱሮ ሁሉም አንድ ክምር ነበር። ኤምዲኤፍና ቺፑድ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቀው የሚሠሩት ሳንቃዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ባለበት ሙጫ ነው የሚጣበቁት፤ ዱቄታቸው ምድጃ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ለዶሮም አይነጠፍም። አንዴ ተቀላቅሎብን ጭሱ ጉሮሮ ሲያቃጥል ዋለ። ከዚያ ወዲህ ኤምዲኤፍ ከመቆረጡ በፊት ወለሉ ይጠረጋል፣ ከተቆረጠ በኋላም ለብቻ ይጠረጋል። ልጁ ያጉረመርማል፤ ግን ያደርገዋል። ያ የኤምዲኤፍ ዱቄት እንደሆነ እስካሁን ጥግ ላይ በጆንያ ተቀምጧል፣ መላ አላገኘሁለትም።

በያጁ "ላሜራው ወፍራም ነው" ብሎ ምሎልኝ ነበር። ጥቅምት ላይ ሥሩ ተበሳ። ሌላ ቤት 350 ብር ከፍዬ በ3 ሚሊ አስቀየርኩት፤ ይኸው ጥር ገባ፣ ምንም አልሆነም። አሁን ለቤት ሁለተኛ አዝዣለሁ። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፦ እጀታ።