ኒኮን ኩልስካን 5000፦ ለተራዘመ ዋስትና ከመክፈልዎ በፊት

ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ከዚህ ስካነር የሚበልጥ በቀላሉ አይገኝም። በአንድ ኢንች 4000 ነጥብ ያነባል ይላል፣ ያንኑ ያህልም ይሰጣል፤ 7200 ነጥብ የሚባልለት የሌላ ኩባንያ ስካነር፣ ፕላስቴክ 8200አይ፣ በተግባር ከግማሹ አያልፍም። ኒኮን ግን ማምረቱን ካቆመ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ያገለገለ ነው፤ አንዳንድ ሻጮችም የተራዘመ ዋስትና ጨምረው ይሸጡታል።

ውሉን ሲያነቡ መጀመሪያ «ጽዳት» የሚለውን ይፈልጉ። አብዛኞቹ ውሎች ጽዳትንና በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ እርጅናን አይሸፍኑም። ይህን ስካነር ቶሎ ቶሎ ለጥገና የሚዳርገው ደግሞ አቧራ ነው። ብርሃኑን ወደ ሌንሱ የሚመልሰው የውስጥ መስታወት አቧራ ሲይዝ፣ ደማቁ ቦታ ወደ ጥቁሩ እየፈሰሰ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ለመፈተን ስላይድ (በትንሽ ፍሬም የታሰረ ፊልም) ከነፍሬሙ ስካን ያድርጉ፤ በፍሬሙ ጠርዝ ላይ ብርሃኑ ወደ ጥቁሩ ከተረጨ መስታወቱ ቆሽሿል። ሲጸዳ ኃይሉ ይነቀላል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ አቧራው በእጅ መንፊያ ይነፋል። የቀረው በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ለስላሳ ጥጥ ሳይጫኑ ይጠረጋል። የመስታወቱ ቅብ ከፊት ለፊት ስለሆነ ፈትገው ከጫሩት አይመለስም።

ሌላው የተለመደ ብልሽት ስካን ሲደረግ በውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ተሸካሚ ግሪስ መድረቅ ነው፦ ሲበራ ያንጓጓል፣ ከዚያ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህም አዲስ ዕቃ አያስፈልገውም፤ አሮጌው ግሪስ ተጠርጎ ይቀየራል። ሰርኪዩቱ ከተቃጠለ ግን መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ የሞተ ስካነር ነው። ስለዚህ «መጠገን ካልተቻለ ስንት ይመለስልኛል? የገዛሁበት ዋጋ ወይስ እርጅና ተቀንሶ?» ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የዋስትናው ክፍያ ከአንድ ጽዳት ዋጋ ከበለጠ፣ እኔ አልገዛውም።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሱቅ ለተገዛ አዲስ ዕቃ ሻጩ በሕግ ሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው። ላገለገለ ዕቃ አንዳንድ አገሮች በስምምነት እስከ አንድ ዓመት እንዲያጥር ይፈቅዳሉ። ሕጉ የሚሰጥዎትን መብት መልሰው በገንዘብ አይግዙት። ከግለሰብ ሲገዙ ግን ይህ መብት የለም፤ ስካነሩ በርቶ ሥራ ሲጀምር የሚያሳይ ቪዲዮና ሙሉ መጠን ያለው ስካን ይጠይቁ።

ወደ አዲስ አበባ ለሚልኩት፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያሻውም፣ ስታቢላይዘር ግን ግድ ነው። በኃይል መዋዠቅ የተቃጠለን ዕቃና ከተገዛበት አገር የወጣን ዕቃ የማይሸፍን ውል ብዙ ነው።