ማዮተን ፕሮ፦ እረፍት ላይ ያለ ጡንቻን ሲለካ የቱን ያህል ይታመናል?

ጡንቻን በጣት ጫን ጫን አድርጎ «ጠንክሯል» ወይም «ላልቷል» ማለት ከመርማሪ መርማሪ ይለያያል። በኢስቶኒያ የሚሠራው የጡንቻ መለኪያ መሣሪያ ማዮተን ፕሮ ይህን ግምት በቁጥር ይተካል፤ ይህንንም በሚገባ ይሠራል፣ አለካኩ ከተጠነቀቁለት።

የመሣሪያው ጫፍ ቆዳውን በ0.18 ኒውተን ጫን ካደረገ በኋላ፣ በ0.4 ኒውተን ለ15 ሚሊሰከንድ መታ ያደርገዋል። አክስለሮሜትሩ (የንዝረት መለኪያው) የጡንቻውን ንዝረት እስኪረጋ ድረስ ይመዘግባል። የንዝረቱ ድግግሞሽ በኸርዝ ውጥረቱን፣ በኒውተን በሜትር የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ ግትርነቱን ያሳያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዲክሪመንቱ (የንዝረቱ አከሳሰም መለኪያ) ላይ ነው፦ ቁጥሩ ከፍ ሲል ንዝረቱ ቶሎ ከስሟል፣ ማለትም የጡንቻው ቅርጹን መልሶ የመያዝ ችሎታ ቀንሷል። ከፍ ያለውን እንደ ጥሩ የሚያነብ ሰው ሪፖርቱን ገልብጦ ይጽፋል።

ትልቁ ሥራ አቀማመጡ ላይ ነው። ለባት ጡንቻ ታካሚው በሆዱ ተኝቶ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ወጣ ይበል። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ከታጠፈ ጡንቻው ስለሚሳብ ግትርነቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ማዕዘኑ በየቀጠሮው አንድ ዓይነት ይሁን። ከመለካቱ በፊት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ። የጡንቻው ወፍራም ክፍል መሃል በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት፣ ከታወቀ የአጥንት ነጥብ ያለው ርቀትም ይመዝገብ። መሣሪያው ለቆዳው ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ዘመም ካለ ምቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አምስት ምት ይበቃል፤ በምቶቹ ውጤት መካከል ያለው የልዩነት መጠን ከ3 በመቶ ካለፈ ግን ያንን ልኬት ሰርዞ መድገም ነው። የጀርባ ጡንቻ ሲለካ ታካሚው አየር አስወጥቶ ለአፍታ ይያዝ፤ ትንፋሹ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋልና።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ምቱ ቆዳንና ስብን አልፎ የሚደርስ በመሆኑ፣ ስቡ ወፍራም ከሆነ የሚነበበው የጡንቻው ብቻ አይደለም። ጥልቅ ጡንቻ አይደረስበትም። ታካሚው ሳያውቀው ጡንቻውን ቢወጥር መሣሪያው ለይቶ አይናገርም፤ ጥርጣሬ ካለ የገጽ ኢኤምጂ (የጡንቻን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) አብሮ ይደረግ። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ስፓስቲሲቲ (ያለፈቃድ የሚመጣ የጡንቻ መወጠር) ደግሞ በእንቅስቃሴ ፍጥነት የሚባባስ ስለሆነ፣ እረፍት ላይ የተወሰደ ልኬት የአሽወርዝን ምርመራ፣ ማለትም መርማሪው እጅና እግርን እያንቀሳቀሰ ለጡንቻው ተቃውሞ ደረጃ የሚሰጥበትን፣ አይተካም።

የአንድን ሰው አንድ ነጥብ በየሳምንቱ ለማነጻጸር እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነው። የሁለት ሰዎችን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኼኛው ታሟል» ለማለት ግን አይመረጥም።