የአባቴ መንገድ በካንትሪ ዜማ፦ ባሕር ዳር ስላሠራነው ቀረጻ

አባቴ መሪጌታ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት የቆሎ ተማሪ ነበር። ከጮቄ ግርጌ ተነሥቶ ቅኔ ለመማር ዋሸራ እስኪደርስ ድረስ በደበሎ፣ በአኩፋዳና በበትር ብቻ የተጓዘውን መንገድ እኛ ልጆቹ በክረምት ምሽት ከምድጃው ዳር ተቀምጠን ከራሱ አንደበት እየሰማን አድገናል። ካረፈ በኋላ ታሪኩን በግጥም ጻፍሁት፤ ታናሽ ወንድሜም ሊዘፍነው ተስማማ። ዜማው ደግሞ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቴፕ እየሰማን ባደግነው በካንትሪ ስልት እንዲሆን ፈለግን፤ ለዚህም ባሕር ዳር ከጣና ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የሙዚቃ ስቱዲዮ ሥራውን እንዲይዝልን ተነጋገርን። የማነሣው ነቀፌታ ስላለ የስቱዲዮውን ስም መጥቀስ አልፈልግም። የምጽፈው እንዲህ ያለ ሥራ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ምን መጠየቅ፣ ምንስ አለመቀበል እንዳለበት ከእኛ ልምድ እንዲያይ ነው።

«ለምን ካንትሪ?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የመጣው ከገዛ ዘመዶቻችን ነው። ይህ ሙዚቃ ከአሜሪካ ደቡብ የተራራና የገጠር ሰዎች የወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙራቸውም ጋር አብሮ ያደገ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ቴነሲ ግዛት ብሪስቶል በምትባል ከተማ የካርተር ቤተሰብና ጂሚ ሮጀርስ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲያስቀርጹ ከተራራ መንደር ወርደው የመጡ ሰዎች ነበሩበት። በናሽቪል ከተማ ለካንትሪ ትልቁ መድረክ ሆኖ የኖረው ራይማን አዳራሽም በ1892 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የስብከትና የጸሎት ቤት ነበር። ስለዚህ አንድ የካንትሪ ባላድ፣ ማለትም ታሪክ የሚተርክ ዘፈን፣ ድህነትን፣ መንገድን፣ እናትንና እግዚአብሔርን በአንድ ትንፋሽ ሲያነሣ እንግዳ ነገር መናገሩ አይደለም፤ የተወለደበትን ቤት ቋንቋ መናገሩ ነው። በእኛ ቤት የካንትሪ ዘፋኙ ጂም ሪቭስ በ1964 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ካለፈ ከስንት ዘመን በኋላም ድምፁ ከቴፑ አይጠፋም ነበር፤ እንግሊዝኛ የማታውቀው እናቴ ሳትቀር «ይህ ሰው አንድ ነገር ቀርቶበታል» ትል ነበር።

ሌላም ምክንያት ነበረን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መዝሙር በጊታር አይዘመርም፤ ካህን የሆነው አጎታችንም ነገሩን ሲሰማ «ልጆቼ፣ ዘፈን ከሆነ ዘፈን ይሁን፤ መዝሙር ነው ብላችሁ ግን ሰው እንዳታሳስቱ» ብሎ አስጠነቀቀን። ባላድ ለዚህ ተስማሚ ነው። ውዳሴ ነኝ ብሎ አይነሣም፤ የሚያደርገው የአንድን ሰው ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው መተረክ ነው። በየስንኙ መካከል የሚመለሰው አዝማች ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ በየጊዜው እየከበደ ይሄዳል፤ እምነት ካለ ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል።

ስቱዲዮውን ከልብ የማመሰግነው በመጀመሪያው ቀን ላየሁት ነገር ነው። አቀናባሪው ኮምፒዩተሩን ሳይከፍት ግጥሙን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያም ጉልበቱን በእጁ እየመታ ደግሞ አነበበው። ግጥሙ በወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ሆኖ በሚከፈል ምት የተጻፈ ነው፤ እኛ ደግሞ በአራት ምት የሚሄድ ዜማ እናስብ ነበር። እርሱ ግን በአራት ምት ሲያስገባው ቃላቱ እንደሚንገዳገዱ አሳየንና ሦስት ምት ወዳለው ወደ ካንትሪ ቫልስ አዞረው። አማርኛው ያን ጊዜ መሄድ ጀመረ። ለካ በየሠርጉ የምናጨበጭብለት የጭክችካ ምት በስድስት የሚቆጠር በመሆኑ ከቫልሱ ጋር ዝምድና አለው፤ ይህን በዚያች ቅጽበት በጆሮዬ ለየሁት።

ከዚያ ቀጥሎ የተከራከርንበት ስንኝ ይህ ነበር፦

ከጮቄ ውርጭ ሲወርድ ደበሎዬን ለብሼ፣
ስሟን ጠርቼ አደርኩ በሰው ደጃፍ ደርሼ።

እንደሚታወቀው የቆሎ ተማሪ ደጅ ላይ ቆሞ የሚለምነው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው። «ስሟን» ያልሁት ይህንኑ ለማመልከት ቢሆንም፣ ከጎጃም ውጭ ያለ ወጣት ላይገባው ይችላል ብዬ በሁለተኛው ስንኝ የእመቤታችንን ስም በግልጽ ላስገባ ፈልጌ ነበር። አቀናባሪው ቀና ብሎ አየኝና «ተወው ወንድሜ፤ ያወቀ ያውቀዋል፣ ያላወቀም እናቱን ያስባታል» አለኝ። የቅኔ አገር ልጅ ሆኜ ሰምና ወርቅን ከስቱዲዮ ሰው መማሬ ደነቀኝ። ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራ ደንበኛ ያለውን ሁሉ እሺ ብሎ መቀበል ይቀልል ነበር፤ እርሱ ግን ለግጥሙ ተሟገተለት።

የመሣሪያውን ምርጫ በዝርዝር ልናገር፤ የሥራው ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ካንትሪን ካንትሪ ከሚያሰኙት ድምፆች አንዱ ፔዳል ስቲል የሚባለው ጊታር ነው፤ ጣት ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየዘለለ አይጫወተውም፣ ክሩ ላይ የሚንሸራተት ብረት እያለቀሰ ያሻግረዋል። በባሕር ዳር እንዲህ ያለ መሣሪያ ልናገኝ አልቻልንም፤ በኮምፒዩተር የተሠራውን ምስሉን ሲያሰሙን ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ሆነብኝ። ስለዚህ አንድ መሰንቆ ተጫዋች ተጠሩ። መሰንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው፣ አንገቱም ላይ ጣትን የሚያግድ መስመር የሌለው ስለሆነ መንሸራተት ተፈጥሮው ነው። ጋሼ መሰንቆውን ከከረጢት አውጥተው የክሩን የፈረስ ጭራ በሙጫ ሲያሹት፣ ነጭ ብናኙ ጥቁር ሱሪያቸው ላይ ሲረግፍ፣ ከዚያም በደጋኑ አንድ ረጅም ድምፅ ሲስቡ ወንድሜ የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ። «የአዊ ፈረስ ነው» አሉ ጭራውን እያሳዩን፤ በእንጅባራ በኩል ስንመጣ ያየናቸው ፈረሶች ትዝ አሉኝ።

መሰንቆውና ካንትሪው የተስማሙበት ምክንያት አለ። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን አምስት ድምፆች የያዘ ነው፤ ብዙ የካንትሪ ዜማዎችም የሚሄዱት በእነዚሁ አምስት ነው። ፋ እና ሲ በቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ የጊታሩ ኮርዶች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ግን ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ። ጋሼ ጊታሩ ወደ ፋ ኮርድ ሲሻገር ከኮርዱ ውስጥ ላንና ዶን ብቻ መርጠው ይይዛሉ፤ ወደ ሶል ኮርድ ሲሄድም ሲን ትተው ሬ ላይ ይቆያሉ። ማንም በወረቀት አልጻፈላቸውም። በተቀረጸው ዘፈን ውስጥ ከአዝማቹ በኋላ ጊታሩ ዝም ብሎ መሰንቆው ብቻውን የሚቆይበት ክፍል አለ፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ ምርጡ ያ ነው።

ድምፅ የተቀረጸበት ክፍል ጠባብና ግድግዳው በምንጣፍ የተሸፈነ ነው። ባለሙያው ወንድሜን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠግቶ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲዘፍን አደረገው፤ ውሳኔው ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ለአደባባይ የሚጮኽ ሳይሆን እምድጃ ዳር የሚወራ ነው። ይሁን እንጂ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ነሐሴ ውስጥ ስለነበርን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ቀረጻው ቆመ፤ መብራትም ሲጠፋ የጄኔሬተሩ ድምፅ በግድግዳው ዘልቆ ይገባ ነበር። ሁለት ቀን ያልነው ቀረጻ አራት ቀን ወሰደ፤ የማደሪያው ወጪም የእኛ ሆነ።

ከዚህ የባሰው ቅሬታዬ ስለ ማጠናቀቂያው ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ በስልኬ ሲልኩልኝ የወንድሜን ድምፅ ማወቅ ተቸገርሁ። በማስተካከያ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ኖታ ቀጥ አድርገውት፣ «ደጃፍ» በሚለው ቃል ላይ ከሶል ወደ ሚ ቀስ ብሎ የሚወርደው እንጉርጉሮ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እግር ቷ ቷ ይል ነበር። የእኛ አዘፋፈን ሕይወቱ በሁለት ኖታዎች መካከል ያለችው መንገድ ናት፤ እርሷን ስሕተት ብሎ የሚያርም ባለሙያ ዘፈኑን አላዳመጠም ማለት ነው። በተጨማሪም ሳይነግሩን የመጨረሻውን ስንኝ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርገውት ነበር። ይህ በአበረታች ባላዶች የተለመደ ዘዴ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰሚውን ከወንበሩ የማንሣት ኃይልም አለው። የአባቴ ታሪክ ግን በድል ጩኸት አያልቅም፤ ቅኔ ቤት ደርሶ ጎጆ እስኪቀልስ ድረስ ሌሊቱን ከደጅ ተቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ ነው የመጨረሻው ምስል። ጽናቱም ያ መጠበቅ ነው።

ሁለቱንም እንዲመልሱ ጠየቅሁ፤ አቀናባሪው ያለ ክርክር ተቀበለኝ፣ የሒሳቡ ክፍል ግን ለማረሚያው ተጨማሪ 2 ሺህ ብር ጠየቀ። ያላዘዝነው ነገር ለማስወገድ መክፈላችን እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። በሦስት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራም በሁለት ወር ተኩል ደረሰ፤ ሙት ዓመቱ አልፎ ነበር።

በጠቅላላው የከፈልነው 20 ሺህ ብር ነው፤ የጊታር፣ የመሰንቆና የቅንብር ዋጋ በውስጡ አለ። ለተቀበልነው የቅንብር ጥራት ብዙ ነው አልልም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግን ቀረጻውን ከክረምት ውጭ ያድርግ፤ ግማሹን ክፍያ የመጨረሻውን ቅጂ ሰምቶ እስኪረካ ድረስ ይያዝ፤ የድምፅ ማረሚያና የዜማ ለውጥ ያለ ፈቃዱ እንዳይደረግ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስፍር፤ እያንዳንዱን መሣሪያና ድምፅ ለየብቻ የያዘውን ፋይልም በፍላሽ ይጠይቅ። እኛ ይህን የመጨረሻውን ስላደረግን፣ የጋሼ መሰንቆ ብቻውን የተቀረጸበት ፋይል ዛሬ በእጃችን አለ። እናቴ ከዘፈኑ ይልቅ እርሱን ነው እያስከፈተች የምትሰማው።